በሪሞት የሚበር ሄሊኮፕተር ለ8 ዓመት ልጅ፦ ደብረ ብርሃን ላይ በደንብ የሚነሣው የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ የጠባሴው አባት (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 2ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አጠናቋል። ካርዱን ይዞ ሲመጣ ምን እንድገዛለት እንደሚፈልግ ብጠይቀው ሳያመነታ «ሄሊኮፕተር» አለኝ። ባለፈው ገናም ይህንኑ ጠይቆኝ ገዝቼለት ነበር፤ ነገሩ ግን እንዳሰብነው አልሆነም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ያንኑ ስሕተት ላለመድገም ነው።

የዚያን ጊዜ ለሥራ አዲስ አበባ ወርጄ ስለነበር፣ መርካቶ ከሚገኙ መጫወቻ ከሚሸጥባቸው ሱቆች አንዱ ገብቼ ካየኋቸው ሁሉ ትልቁን መረጥኩ። ርዝመቱ ከክንዴ ይበልጣል፤ አካሉም ብረት ነበር። ሻጩ በእጁ እንደያዘ ክንፉን አሽከረከረልኝ፤ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ይህን ያህል ኃይል ያለው ነገር መነሣቱ አያጠራጥርም ብዬ ገንዘቡን ከፈልኩ። የገና ዕለት ረፋዱ ላይ ግቢያችን ውስጥ ልናስነሣው ሞከርን። ሙሉ ኃይል ሰጥተነው እንኳ ከጉልበቴ ከፍ አላለም። ጥቂት ሲንገዋለል ከቆየ በኋላ ነፋስ መጣና ወደ ጎን ወስዶት ከቆርቆሮው አጥር ጋር ተላተመ፤ ጅራቱም ከመካከሉ ተሰበረ። ልጄ አላለቀሰም። ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅሞ የጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀመጠው። ካርቶኑ እስከ ዛሬ አልጋው ሥር አለ፤ አልፎ አልፎ አውጥቶ ጥርስ ያላቸውን ትንንሽ መዘውሮች በጣቱ ሲያሽከረክር አገኘዋለሁ።

በዚህ ሁሉ መካከል ያልገባኝ ዋናው ነገር ጥፋቱ የማን እንደነበር ነው። ዕቃው ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነበር? አያያዛችን ነው ያበላሸው? ወይስ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንደነገረኝ የከተማችን ከፍታ ነገሩን ይወስነዋል? ደግሞ በየሳጥኑ ላይ ባለ 2 ቻናል፣ ባለ 3 ቻናል፣ ባለ 3.5 ቻናል የሚል ጽሑፍ አያለሁ፤ አንዱ በኢንፍራሬድ፣ ሌላው በሬዲዮ ሞገድ እንደሚሠራም ይነገራል። ለ8 ዓመት ልጅ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ፣ ከመግዛቴ በፊት ሱቁ ውስጥ ምን ምን መፈተሽ እንዳለብኝም ልምዱ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ሳሎናችን በግምት 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ ቤት ውስጥ የ3 ዓመት ሴት ልጅም አለችን።

መልስ፦ የሁለት ወንዶች እናት (ደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ እንኳን ልጅዎ በጥሩ ውጤት አለፈልዎት። በእኔ ቤት ሦስት ሄሊኮፕተር ገብቶ ሁለቱ ስለተሰበሩ የምነግርዎት ከደረሰብኝ ነው።

በመጀመሪያ ትልቅነቱን ይተዉት። እኛም ዕቃው በገዘፈ ቁጥር ይጠነክራል ብለን ነበር የጀመርነው፤ ነገር ግን ትልቁ ሲወድቅ በራሱ ክብደት ይሰበራል፣ ትንሹ ግን ግድግዳ መትቶ ወድቆም አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አንሥቶ እንደገና ያስነሣዋል። አሁን ልጆቼ የሚጫወቱበት ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ሁለት ክረምት አልፎት እስከ ዛሬ ይበራል። ሁለተኛ፣ ከቤት ውጭ ማብረርን ለጊዜው አያስቡት። ለመጫወቻ ሄሊኮፕተር የእኛ አገር ነፋስ ጠላቱ ነው፤ ልብስ ማድረቂያው ገመድ ላይ ያለው ልብስ ሲወዛወዝ ካዩ ይህ ነገር መነሣት እንደሌለበት ይወቁ።

ሦስተኛው የታናሽ እኅቱ ጉዳይ ነው፤ እርስዎ በመጨረሻ ጠቅሰው አለፉት እንጂ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው እርሱን ነው። የትንሹ ሄሊኮፕተር ክንፍ ከስስ ፕላስቲክ ስለሚሠራ እጅ አይቆርጥ ይሆናል፤ ዓይን ላይ ካረፈ ግን ቀላል አይደለም፤ የሴት ልጅ ረጅም ፀጉርም ከዘንጉ ጋር ይጠመጠማል። በእኛ ቤት ያወጣነው ደንብ ሄሊኮፕተሩ በአየር ላይ እያለ ትንሹ ልጅ አልጋ ላይ ይቀመጣል፣ አብራሪውም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቆማል፣ ማንም ሰው በሄሊኮፕተሩና በአብራሪው መካከል አያልፍም የሚል ነው። አንድ ነገር ሊነካ ሲል ልጁ ኃይሉን በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ መመለስን ከሁሉ አስቀድሞ ይማር። ልጆች በፍርሃት ጊዜ ኃይሉን ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም፤ ሁለቱ ሄሊኮፕተሮቻችን የተሰበሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ብርድ ልብስ ያንጥፉበት፤ አወዳደቁን ያለሰልስለታል።

መልስ፦ የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ (ሸዋ ሮቢት)

እኅታችን ከላይ የጻፉት በሙሉ ትክክል ነው፤ ስለ ብርድ ልብሱ ብቻ ግን ትንሽ ማስተካከያ አለኝ። ለጥገና ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ሄሊኮፕተሮች ብዙዎቹ ምንም አልተሰበሩም፤ ዘንጋቸው ላይ ክር ተጠምጥሞባቸው ነው። የብርድ ልብስ ፀጉር፣ የጋቢና የምንጣፍ ክር ከክንፉ ዘንግ ጋር አብሮ እየዞረ በመዘውሮቹ መካከል ይገባና ሞተሩን ይይዘዋል፤ ሞተሩ ተይዞ ሳለ ኃይል ሲሰጠው ደግሞ ይግልና ይቃጠላል። ስለዚህ መውደቂያው ሥር ካርቶን ዘርግታችሁ ካርቶኑን ከላይ በሸራ ብትሸፍኑት ይሻላል።

አሁን ወደ ጠያቂው ልምጣ። የባልደረባዎ አስተያየት እውነት ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎት፦ አንድ ደንበኛዬ እዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ ጠግኜ የሰጠሁትን ሄሊኮፕተር ጣሪያ ድረስ አስነሥቶ አይቶ ተደስቶ ሄደ፤ ያንኑ ዕለት ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ደውሎ «አይነሣም» አለኝ። የሰው ተንኮል መስሎት ነበር። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እናንተ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናችሁ። መንገዱ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም አየሩ አንድ አይደለም። ያ ሄሊኮፕተር ባትሪው አርጅቶ ስለነበር እዚህ የነበረችው ትርፍ ኃይል እዚያ አልቃ ተገኘች፤ ባትሪው ሲቀየር ደብረ ብርሃን ላይም ተነሣ። የእርስዎንም ዕቃ ሳላየው ልፍረድ አልልም፤ ነገር ግን አካሉ ብረት ሆኖ፣ ቁመቱ ከክንድ በልጦ፣ ሙሉ ኃይል ተሰጥቶት ከጉልበት ካላለፈ፣ ለከተማችሁ የሚሆን ትርፍ ኃይል አልነበረውም ማለት ነው።

ስለ ቻናሎቹ (በሪሞቱ ለየብቻ ስለሚታዘዙት እንቅስቃሴዎች) በአጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ ባለ 2 ቻናሉ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ግራና ቀኝ ይዞራል፤ ወደ ፊት የሚሄደው ግን በራሱ ሚዛን እየተገፋ እንጂ በልጁ ፈቃድ አይደለም፤ ልጅም በዚህ ቶሎ ይሰለቻል። ባለ 3 ቻናሉ ጅራቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚነፍስ ትንሽ ክንፍ ስላለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በትእዛዝ ይሄዳል። 3.5 የሚባለው የሻጮች አጠራር ነው፤ ጋይሮ (አካሉ ያለ ትእዛዝ እንዳይሽከረከር የሚጠብቅ መሣሪያ) ወይም የፍጥነት ቁልፍ ተጨምሮበት እንጂ ሌላ አቅጣጫ የለውም። ባለ 4 ቻናሉ ወደ ጎንም ስለሚሄድና አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ክንፍ ስለሆነ ለጀማሪ ልጅ አይመከርም። እንግዲህ የሚፈልጉት ባለ 3 ቻናል፣ ጋይሮ ያለው፣ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ክንፎች ተደራርበው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩበት፣ ከክንፎቹ በላይ ደግሞ ጫፍና ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ሚዛን ጠባቂ ዘንግ የተቀመጠበት ትንሽ ሄሊኮፕተር ነው። ሲማ ኤስ107ጂ የሚባለው፣ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው፣ የዚህ ዓይነቱ በጣም የታወቀ ምሳሌ ነው። ዋናው ጥቅሙ መለዋወጫው በቀላሉ መገኘቱ ሲሆን፣ ተመሳስለው የተሠሩትም ስለበዙ ሳጥኑን ብቻ አይተው አይግዙ።

ሱቅ ውስጥ ሲደርሱ በእጅ ተይዞ የሚሽከረከርን ክንፍ አይመኑ። መሬት ላይ ይቀመጥና ይነሣ። ልብ ሊሉት የሚገባው የኃይል መስጫው ማንሻ የት ሲደርስ እንደተነሣ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ በግማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት ባለፈ ኃይል ከተነሣ ደብረ ብርሃን ላይ አያስቸግርዎትም፤ ማንሻው ዳር ደርሶ ነው የተነሣው ከሆነ ግን ይመልሱት። ቀጥሎ ደረት ከፍታ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይጠይቁ፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዘንጉ ጠምሞ ሊሆን ይችላል። በኢንፍራሬድ የሚሠራ ከሆነ የሪሞቱን አፍ በስልክዎ ካሜራ እያዩ ማንሻውን ይንኩ፤ ለዓይን የማይታየው ብርሃን በብዙ ስልኮች ላይ ወይን ጠጅ ወይም ነጭ ሆኖ ብልጭ ሲል ይታያል፤ ካልታየ በፊተኛው ካሜራም ይሞክሩት። ኢንፍራሬድ ፀሐይ ሲያገኘው ትእዛዙ ስለሚጠፋበት ቤት ውስጥ እንጂ ደጅ አይሆንም። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ይህ ችግር የለበትም፤ አንዳንዶቹም ከፍታቸውን በራሳቸው ስለሚጠብቁ ልጁ ማንሻውን ቢለቀው እንኳ ባለበት ይቆማሉ። ዋጋው ካልከበደዎት ለ8 ዓመት ልጅ ይህ መልካም ነው።

ከሱቁ ከመውጣትዎ በፊት ትርፍ ክንፍ መኖሩን ይጠይቁ። የላይኛውና የታችኛው ክንፍ በተቃራኒ ስለሚዞሩ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ብዙዎቹ ላይ ኤ እና ቢ የሚል ጽሑፍ አለ። አባቶች ራሳቸው ቀይረው አልነሣ ሲላቸው ወደ እኔ ከሚያመጧቸው መካከል ክንፉ ተለዋውጦ የገባበት ብዙ ነው። ክንፉን የሚይዘው ብሎንም እስከ መጨረሻው አይጠበቅም፤ ሄሊኮፕተሩን ወደ ጎን ሲያዘነብሉት ክንፉ በራሱ ክብደት ላላ ብሎ መውረድ አለበት።

ወደ ጅራቱ ሞተር የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ከፀጉር ብዙም ስለማይወፍሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚበጠሱት እነርሱ ናቸው። በስታኞ የሚሠራ ማንኛውም የሞባይል ጠጋኝ በጥቂት ደቂቃ ይቀጥላቸዋል፤ ወደ ፊት አልሄድ ሲል ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

መልስ፦ የሼኖ ልጅ

እኔ በበኩሌ ጠያቂው ሄሊኮፕተሩን ትተው ባለ አራት ክንፉን፣ ዙሪያውን በፕላስቲክ ቀለበት የተከለለውን ትንሽ መብረሪያ ቢገዙ እመርጣለሁ። ሚዛኑን በኤሌክትሮኒክስ ስለሚጠብቅ ለልጅ ይቀላል፤ ክንፎቹ ስለተከለሉም ለታናሽ እኅቱ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ጠጋኙ ወንድማችን ከዘረዘሯቸው ዘንግና መዘውሮች አብዛኛዎቹ በዚህኛው ውስጥ ስለሌሉ የሚሰበረውም ያንሳል።

ነገር ግን የትኛውንም ቢገዙ ካሜራ የሌለውን ይግዙ። ካሜራ ያለው ሰው አልባ መብረሪያ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው። ከዚህም በላይ ባለንበት ጊዜ በአካባቢያችን ካሜራ የያዘ ነገር ከአጥር በላይ ማስነሣት ጎረቤትንም ያስደነግጣል፣ ልጁንና ወላጁንም ለማያስፈልግ ጥያቄ ይዳርጋል።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር (መሐል ሜዳ)

የምኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የመንዝ ምድር ስለሆነ ይህ ጥያቄ የእኔም ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎቼም በየዓመቱ ያነሡብኛል።

በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ክንፍ የሚያነሣው አየርን ወደ ታች በመግፋት ስለሆነ፣ በባሕር ወለል ላይ 40 ግራም የሚያነሣ ክንፍ በዚያው ፍጥነት ቢዞር ደብረ ብርሃን ላይ 30 ግራም ገደማ ብቻ ያነሣል። ያንኑ 40 ግራም ለማንሣት ፍጥነቱን በ15 በመቶ ያህል መጨመር አለበት፤ በባሕር ወለል በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይዞር ከነበረ ደብረ ብርሃን ላይ 1,150 ጊዜ መዞር ይጠበቅበታል። ደግነቱ የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ መኪና ሞተር አየር አይተነፍስም፤ እንዲያውም የሳሳው አየር ክንፉን የሚይዘው በመጠኑ ስለሆነ ሞተሩ በራሱ ትንሽ ፈጥኖ ይዞራል፤ የጎደለውንም በከፊል ይተካል። ትርፍ ኃይል ላለው ቀላል ሄሊኮፕተር ይህ ይበቃዋል። ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በአቅሙ ዳርቻ ላይ ላለው ከባድ ሄሊኮፕተር ግን አይበቃም። የጠያቂው ሄሊኮፕተር ጉልበት ላይ መቆሙም የራሱ ምክንያት አለው፦ ክንፍ ከመሬት እምብዛም ሳይርቅ ሲሽከረከር የሚገፋው አየር ከመሬቱ ጋር ስለሚጋጭ ማንሣቱ ይቀልለታል፤ ትንሽ ከፍ ሲል ይህ እርዳታ ይጠፋና ያለ ረዳት በራሱ ኃይል ይቀራል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ከመሬት ትንሽ ብድግ ያለ ሄሊኮፕተር ተፈትኗል አይባልም፤ ጠጋኙ እንዳሉት ደረት ላይ ይቁም።

ብርዱንም አትርሱት። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኃይሉን በሙሉ መስጠት አይችልም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ በሚጥልበት ማለዳ ባትሪው ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ ወዲያው ቢገጠም የበረራው ጊዜ ያጥራል፤ ቀድሞ በኪስ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ይረዳል። እሳት ዳር ግን ፈጽሞ አይቀመጥ። ከበረራ በኋላ ባትሪው እስኪቀዘቅዝ 15 ደቂቃ ያህል ሳይጠብቁ ቻርጅ አያድርጉት፤ ቻርጅ ሲደረግም ከሸክላ በተሠራ ሳህን ላይ፣ ከብርድ ልብስና ከመጋረጃ ርቆ፣ አዋቂ ሰው ባለበት ይሁን። ያበጠ ባትሪ ዳግመኛ ቻርጅ አይደረግም፤ አይበሳም፤ ወደ እሳትም አይጣልም። በሪሞቱ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ቻርጅ የሚደረገውን ሳይሆን የዩኤስቢ ገመድ ያለውን ብትገዙ የድንጋይ ወጪው ይቀርላችኋል፤ መብራት ሲጠፋም በፓወር ባንክ ትሞሉታላችሁ።

የሼኖው ወንድማችን ሐሳብ ለደኅንነት ሲባል የሚደገፍ ነው፤ ቀለበት ያለው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ልጁ የጠየቀው ሄሊኮፕተር ነው፤ ለዚያውም ስብርባሪውን ለቅሞ መዘውሩን የሚያሽከረክር ልጅ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ሁለቱ ተደራራቢ ክንፎች በተቃራኒ ሲዞሩ በዓይኑ የሚያየው ትምህርት ከባለ አራት ክንፉ ይልቅ ግልጽ ነው። አንድ ክንፍ ብቻ ወደ ቀኝ ቢዞር አካሉ ወደ ግራ ይዞራል፤ ብዙዎቹ እውነተኛ ሄሊኮፕተሮች ጅራታቸው ላይ ክንፍ ያስፈለጋቸው ይህንን ለመከላከል ነው። ሁለት ክንፎች በተቃራኒ ከዞሩ ግን አንዱ የሌላውን ያጣፋል፤ አካሉም ዝም ይላል። ናሳ ወደ ማርስ የላከው ኢንጀንዩቲ የተባለው ሄሊኮፕተር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር የተጠቀመው ይህንኑ አሠራር ነው። የማርስ አየር እፍጋት ከምድር አየር 1 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 1.8 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ያንን አካል ለማንሣት ጫፍ ለጫፍ 1.2 ሜትር የሆኑ ክንፎች በደቂቃ 2,400 ጊዜ ያህል መዞር ነበረባቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ሩብ ጎደለ ብለን የምንጨነቅበትን አየር ከዚያ ጋር አስተያይተው ለልጅዎ ይንገሩት፤ ሳሎን ውስጥ የሚያበረው ነገር ከማርሱ ጋር አንድ ዓይነት አሠራር እንዳለው ሲያውቅ የሚሰማውን ደስታ ያዩታል።

ስለ ጫማው ካርቶን አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1878፣ በኋላ አውሮፕላን ሠርተው ያበረሩት የራይት ወንድማማቾች አባት ለልጆቹ ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፣ በተጠመጠመ ላስቲክ የሚነሣ ትንሽ ሄሊኮፕተር ይዞላቸው መጣ። ታናሽየው ኦርቪል ያን ጊዜ 7 ዓመቱ ነበር። መጫወቻው ሲሰበር ልጆቹ ራሳቸው እየሠሩ ያስነሡት ጀመር። ስለዚህ ያን ካርቶን እባክዎ አይጣሉት።

ምላሽ፦ የጠባሴው አባት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁትን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነው ሱቅ የገባሁት። የመጀመሪያው ሻጭ መሬት ላይ ለማስነሣት ፈቃደኛ አልሆነም፤ አመስግኜው ወጣሁ። ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ባለ 3 ቻናል፣ ሁለት ተደራራቢ ክንፎች ያሉት ሄሊኮፕተር ማንሻው ገና ግማሹን እንዳለፈ ተነሣና ደረቴ አጠገብ ቆመ፤ ሻጩም በትዕግሥት ከደቂቃ በላይ ጠበቀኝ። በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ከኪሴ በላይ ስለሆነብኝ የኢንፍራሬዱን ከሁለት ጥንድ ትርፍ ክንፍ ጋር ገዛሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል በሩን ዘግተን፣ ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርግተን፣ ታናሿን እናቷ አልጋ ላይ ይዛት አስነሣነው። ደብረ ብርሃን ላይ ማንሻው ሱቅ ውስጥ ከነበረበት ጥቂት ከፍ ማለት እንዳለበት አይቻለሁ፤ ልጄም አስተውሎት ምክንያቱን ሲጠይቀኝ መምህሩ የጻፉትን አነበብኩለት። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ባዶ ሪሞት ይዞ ኃይል ወደ ዜሮ መመለስን ብቻ አለማመድኩት፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ወድቆ ምንም አልሆነም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሲነሣ የአቅጣጫ መስጫውን ሳንነካው እንኳ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይዞራል። ይህ ብልሽት ነው?

መልስ፦ የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ (ሸዋ ሮቢት)

ብልሽት አይደለም። ሁለቱ ሞተሮች በእኩል ፍጥነት ስለማይዞሩ የሚመጣ ነው፤ ሪሞቱ ላይ ትሪም የሚባል ትንሽ መዘውር ወይም ቁልፍ አለ። ሄሊኮፕተሩ ጉልበት ከፍታ ላይ ቆሞ ሳለ ትሪሙን ወደ ቀኝ በጥቂት በጥቂቱ እየገፉ ይጠብቁ፤ መዞሩን ሲያቆም እዚያው ይተዉት። ባትሪው ሲዳከም ወይም ክንፍ ሲቀየር እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። ትሪሙ ዳር ደርሶም መዞሩን ካላቆመ በመጀመሪያ የዘንጉን ሥር በመርፌ እየፈለጉ ክር መኖር አለመኖሩን ይዩ።

የአሮጌውን ሄሊኮፕተር ሞተሮች ደግሞ ከካርቶኑ አውጥተው ቢልኩልኝ የሚሠሩ መሆናቸውን እፈትሽና ሁለት ሽቦ ቀጥዬ እመልስልዎታለሁ፤ ልጁ በባትሪ ድንጋይ ሲነካው የሚዞር ነገር ይኖረዋል።